መሳቢያውን ሳልከፍት

ባለፈው ወር፣ እዚህ ዴንቨር፣ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጠጋ ብላ «ጋሼ፣ ስለ ካውቦዮቹ ዘመን በደንብ ማወቅ እፈልጋለሁ። በመጽሐፍ ልጀምር፣ በፊልም ወይስ በፖድካስት?» አለችኝ። ዕድሜዬን በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የጨረስኩ ሰው ነኝና መልሱ አፌ ላይ መገኘት ነበረበት። «እስቲ ላስብበት» ብያት መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። ሞተሩን ሳላስነሳ ብዙ ቆየሁ። ሌላ ጠያቂ ትዝ ብሎኝ ነው።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1986 ነው፤ ብርዱ መግባት ጀምሯል። ሥራ ከያዝኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ያኔ የመጻሕፍቱ ዝርዝር በካርድ ተጽፎ በትንንሽ የእንጨት መሳቢያዎች ነበር የሚቀመጠው። አንድ ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ጥቁር አሜሪካዊ ልጅ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመ። ቀይ ጃኬቱ እጅጌው አጥሮታል። ለጠያቂዎች ከምናስቀምጠው ብጣሽ ወረቀት አንዷን አንስቶ በቁራጭ እርሳስ ጻፈና ወደ እኔ ገፋት። «ጥቁር ካውቦዮች ነበሩ?» ትላለች።

«አልነበሩም» አልኩት። «ካውቦዮች ነጮች ናቸው።»

መሳቢያዎቹ ከጀርባዬ ነበሩ፤ ከወንበሬ መነሳት እንኳን አያስፈልገኝም፤ ዞር ማለት ብቻ ነበር። ልጁ ፊቴን ትንሽ አየ። ቆዳዬን ያየ ይመስለኛል። ከአፍሪካ የመጣ ጥቁር ሰው እንዲህ ካለው ምን ብሎ ይከራከር? «እሺ» ብሎ ወጣ። ወረቀቷን እዚያው ትቷት ሄደ፤ ጀርባዋ ንጹሕ ስለነበር የስልክ ቁጥር ጻፍኩባት።

ያን ድፍረት ያመጣሁት ከመርካቶ ነው። ልጆች ሳለን ራስ ሲኒማ የካውቦይ ፊልም ሲመጣ ሰፈሩ ባዶ ይሆን ነበር። «አክተሩ አይሞትም» እያልን እንወራረዳለን፤ ስንወጣ በጣታችን እየተታኮስን እስከ ቤታችን እንሮጣለን። ታላቅ ወንድሜ ባርኔጣውን እንደ ካውቦይ አዘንብሎ ለቅሶ ቤት ገብቶ አባታችን ያወረዱበት የቁጣ ናዳ እስከ ዛሬ ይታወሰኛል። የአሜሪካን ምዕራብ የማውቀው በዚያ ነበር። በጣልያኖቹ ፊልሞች ቴክሳስ ነው ብዬ የተመሰጥኩበት በረሃ እስፔን ውስጥ ያለው አልሜሪያ መሆኑን ያወቅሁት ጎልማሳ ሆኜ ነው።

በማግስቱ ክረምት አንድ ባልደረባዬ ፖል ስቱዋርት ስለሚባል ፀጉር አስተካካይ አነሳልኝ። ሰውየው ልጅ ሳለ ካውቦይ ሲጫወት «ጥቁር ካውቦይ የለም» ተብሎ ያደገ ነው። ኋላ ዴንቨር ውስጥ እውነተኛ ጥቁር ካውቦይ ሲያጋጥመው፣ ወንበሩ ላይ የሚቀመጡትን ሽማግሌዎች ታሪክ በቴፕ መቅዳት ጀመረ፤ ዕቃቸውን ሰበሰበ፤ በ1971 ሙዚየም ከፈተ። ዛሬ ሙዚየሙ የሚገኘው በከተማችን የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሐኪም በነበሩት በዶክተር ጀስቲና ፎርድ ቤት ነው። ሐኪሟ 7,000 ያህል ሕፃናት እንዳዋለዱ ይነገራል። ሄዳችሁ እዩት። እኔ ስንት ዓመት በደጁ አልፌያለሁ።

ያን ዕለት መሳቢያውን ከፈትኩ። የደርሃምና የጆንስ መጽሐፍ ካርድ አለ፤ በ1965 የታተመ፣ ርዕሱ ራሱ ስለ ጥቁር ካውቦዮች የሚናገር። የናት ላቭ ግለ ታሪክም አለ። ናት ላቭ በ1854 ቴነሲ ውስጥ በባርነት ተወልዶ፣ በ1869 ወደ ምዕራብ ሄዶ ከብት ነጂ የሆነ ሰው ነው። መጽሐፉን ያሳተመው በ1907 ነው። ኮርቻው እግሩ ሥር፣ ጠመንጃው በእጁ፣ ፀጉሩ ከባርኔጣው ሥር ወርዶ የተነሳው ፎቶ አለ። ወደ ኋላ ገጾቹ ላይ ደግሞ ያው ሰው የባቡር አስተናጋጅ ልብስ ለብሷል፤ ያን ሥራ የጀመረው እዚሁ ዴንቨር ነው። መደርደሪያው ሥር ቆሜ አነበብኩት። ልጁ ተመልሶ ይመጣል ብዬ መጽሐፉን ጠረጴዛዬ ሥር ለወራት አስቀመጥኩት። አልመጣም።

እንግዲህ ምክር ላላችሁኝ። በፊልም አትጀምሩ። «ዘ ሰርቸርስ» የተባለውን የ1956ቱን ፊልም ውሰዱ፤ ታሪኩ ቴክሳስ ነው ይላችኋል፣ የተቀረጸው ግን ናቫሆ በሚባሉት ነባር ሕዝቦች ምድር ነው። ኮማንቼ የሚባሉ ሌሎች ነባሮች ተብለው የሚጋልቡት ናቫሆዎች ናቸው፤ አለቃቸውን የሚጫወተው ጀርመን የተወለደ ነጭ ነው። ቢሆንም በቴሌቪዥን ሲመጣ የመጨረሻው በር እስኪዘጋ ድረስ ከወንበሬ አልነሳም። ራስ ሲኒማ ባይኖር ኖሮ ያን ሁሉ መጽሐፍ ባላነበብኩ፤ ስለዚህ ማየት ያማራችሁን እዩ፤ ከዚያ ግን የት እንደተቀረጸና ማን ማንን እንደተጫወተ አጣሩ።

ከመጻሕፍት የ1970ውን የዲ ብራውንን ሥራ አስቀድማለሁ፤ ስለ ነባሮቹ ሕዝቦች መሬታቸውን መነጠቅ፣ እስከ 1890ው የውንድድ ኒ እልቂት ድረስ የሚተርከውን። ጸሐፊው እንደ እኔ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበር፤ በየስብሰባው የተመዘገበውን የአለቆቹን ቃል ፈልጎ አወጣ። እዚሁ ኮሎራዶ፣ ሳንድ ክሪክ ላይ ኅዳር 1864 ወታደሮች በነባሮቹ ሰፈር ያደረሱትን እልቂት ስታነቡ መጽሐፉን ዘግታችሁ ውጡና ትንሽ ተራመዱ። የነባሮቹ አለቃ ብላክ ኬትል የአሜሪካን ባንዲራ ሰቅሎ ነበር። ካፒቴን ሳይላስ ሶል ወታደሮቹን አትተኩሱ ብሎ፣ ያየውንም መስክሮ፣ በ1865 እዚሁ ዴንቨር መንገድ ላይ ተገደለ።

ፖድካስትን እንደ ንባብ አልቆጥረውም ነበር፤ «ዚስ ላንድ» የሚባለው የ2019ኙ ሐሳቤን አስለወጠኝ። ለነባሮቹ በውል የተከለለው የኦክላሆማ መሬት ጉዳይ ዛሬም ፍርድ ቤት የሚያቆም መሆኑን ከእሱ ሰማሁ፤ በ2020 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መስኮጊ ለሚባሉት ነባሮች የተከለለው መሬት አሁንም የጸና ነው ብሎ ፈረደ። እናንተ ግን በእጥፍ ፍጥነት ታዳምጣላችሁ። የእህቴ ልጅ እንዲህ ሲሰማ አይቼዋለሁ፤ የሟቾች ቁጥር ሲነገር እሱ እንጀራ እየጠቀለለ ነበር። ይህ ያሳዝነኛል። የእናንተ ትውልድ መልስ በአንድ ጠቅታ ስለሚያገኝ ይመስለኛል የሚቸኩለው። እኔ ግን በካርድ ዘመን ነበር የቸኮልኩት።

ስለ ባስ ሪቭስ መስማት ከፈለጋችሁ የ2023ቱ ተከታታይ ፊልም አለ። በባርነት ተወልዶ በ1875 የፌዴራል ሕግ አስከባሪ የሆነ ሰው ነው። ማንበብ ስለማይችል የእስር ማዘዣዎቹን አስነብቦ በቃሉ ይይዝ ነበር ይባላል። የገዛ ልጁን ማዘዣ ሳይቀር ይዞ ወጥቷል።

ያ ልጅ ዛሬ ሃምሳ ዓመት አልፎታል።

አንቺ የጠየቅሽኝ፣ በናት ላቭ ጀምሪ። ሰውየው ጀብዱውን ያጋንናል፤ አንዳንዱን ከሌላ ምንጭ ጋር እያስተያየሽ አንብቢው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይዤልሽ እመጣለሁ። የእኔ ቅጂ ጥራዙ ላልቷል፤ ፎቶው ያለበት ገጽ ላይ ስትደርሺ ቀስ ብለሽ ግለጪው።