ሰርተፍኬቱ በዛ፣ ሥራዬ ግን ያው ነው

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ የሥነ ልቦና አማካሪ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ 6 ዓመት ሆነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለባለሙያዎች የሚዘጋጁ ንግግሮችና ስልጠናዎች አያመልጡኝም። በዙምም እከታተላለሁ፤ አንዳንዱን ከኪሴ ከፍዬ ነው። ስለ ሐዘን፣ ስለ ትራውማ፣ ስለ ባልና ሚስት ጠብ ያልሰማሁት የለም። ሰርተፍኬቶቼ አንድ ፋይል ሞልተዋል። ሰኞ ጠዋት ሰው ፊቴ ሲቀመጥ ግን የማደርገው ያንኑ የድሮውን ነው። ባልደረባዬ «ገንዘብሽን አታባክኚ፣ ልምድ ራሱ ያስተምርሻል» ትለኛለች። ልተወው?
ስሜ ይቆየኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ የራሴን የድሮ ጊዜ አስታወስሽኝ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ስለ ሐዘን የሁለት ቀን ስልጠና ወስጄ ነበር። አስተማሪዋ ጎበዝ ናት፣ ደብተሬም በማስታወሻ ሞልቷል። በሳምንቱ ልጇን ያጣች እናት መጣች። ገና ማልቀስ ስትጀምር ከአፌ የወጣው «አይዞሽ፣ በርቺ» ነው። ዝም ብሎ ማዳመጥን ሁለት ቀን ሙሉ ተምሬ፣ ለቅሶ ቤት እንደመጣ ጎረቤት ሆንኩባት። እሷም እንባዋን ጠረገችና ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረች። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጉዳዩ የአንቺ ስንፍና እንዳልሆነ ግን በጥናት ታይቷል። አሜሪካዊው ሳይኮሎጂስት ዊልያም ሚለር ሞቲቬሽናል ኢንተርቪዊንግ የሚባለውን፣ ሰው ለመለወጥ የራሱን ምክንያት እንዲያገኝ በጥያቄና በማዳመጥ የሚረዳ የምክክር ዘዴ ለአማካሪዎች በሁለት ቀን ስልጠና ካስተማረ በኋላ ምን እንደቀረ መረመረ። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ሠልጣኞቹ ብዙ እንደተለወጡ ተናገሩ። ከተገልጋይ ጋር ሲነጋገሩ የተቀዳው ድምፅ ሲሰማ ግን ለውጡ ትንሽ ነበር፤ በተገልጋዮቹ ላይ ደግሞ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። እ.ኤ.አ. በ2004 ከባልደረቦቹ ጋር 140 ባለሙያዎችን በዕጣ ከፋፍሎ እንደገና ሞከረው። ስልጠናውን ብቻ የወሰዱት በጥቂት ወራት ውስጥ ያገኙትን እያጡ ሄዱ። የተቀዳ ሥራቸው ተሰምቶ አስተያየት የተሰጣቸው፣ ወይም በስልክ እየተደወለ ምክር ያገኙት ግን ይዘውት ቆዩ።

የባልደረባሽም ሐሳብ ብቻውን አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ አንድ ጥናት 170 ቴራፒስቶችንና 6,591 ተገልጋዮቻቸውን ለዓመታት ተከታትሎ ነበር። ልምድ ሲጨምር ውጤታቸው በአማካይ አልተሻሻለም፤ እንዲያውም በጣም በጥቂቱ ወርዷል። የተሻሻሉ አልነበሩም ማለት አይደለም። ዓመት መቁጠር ብቻ ግን አያስተምርም፣ ምክንያቱም ስህተታችንን የሚነግረን ሰው ክፍሉ ውስጥ የለም።

የጎደለሽ ይኸው ነው፦ ስትሠሪ የሚያይሽ ሰው። እዚሁ አገራችን ጥሩ ምሳሌ አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ለአንድ ወር ያህል እየመጡ ይቆዩ ነበር። ክፍል ውስጥ አስተምረው ብቻ አይሄዱም፤ ሐኪሞቹ ሕመምተኛ ሲያዩ አብረው እየተቀመጡ ያርማሉ። ለእኔ ስልጠና ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ አትተዪው፣ ቀንሺው። በዓመት ስምንት ቦታ ትሄጂ እንደሆነ ሁለት ይበቃሻል። የቀረውን ገንዘብ ልምድ ላለው ባለሙያ ክፈይና ሱፐርቪዥን ውሰጂ፤ ማለትም ሥራሽን እያየ ያርምሽ። ከመመዝገብሽ በፊት አዘጋጆቹን ጠይቂ፦ ልምምድ አለው? በአማርኛ ነው? ከወር በኋላ እንደገና ትገናኛላችሁ? የአማርኛውን ጥያቄ እንደ ትንሽ ነገር አትዪው። በእንግሊዝኛ የተማርነውን ነው እኮ ሰኞ ጠዋት በአማርኛ የምንሠራው፣ በመሐል ደግሞ ብዙ ነገር ይጠፋል። እንደ ስላይዱ ቃል በቃል «እንደተረዳሁት ሐዘን እየተሰማሽ ነው» ብትያት ሴትየዋ ግራ ይገባታል። «ማታ ቤቱ ጭር ሲል ይብስብሻል» ስትያት ግን ቀና ብላ ታይሻለች።

ስትሄጂ ደግሞ የከበደሽን አንድ ሰው በልብሽ ይዘሽ ሂጂ፤ ስትመለሺ አንድ ነገር ብቻ ይዘሽ ተመለሺ። የእኔ አንድ ነገር «አይዞሽ» ነበረች። የምወዳት ቃል ናት። ቶሎ ከመጣች ግን የሰውን አፍ ትዘጋለች። ለአንድ ወር ያህል በየቀጠሮው የመጀመሪያ 10 ደቂቃ ውስጥ ስንቴ እንዳልኳት ከቀጠሮው በኋላ እጽፍ ነበር። ከሁለት ባልደረቦቼ ጋርም በየ15 ቀኑ እየተገናኘን አንዱ አማካሪ፣ አንዱ ተገልጋይ፣ አንዱ ተመልካች ሆነን ተለማመድን። መጀመሪያ ያሳፍራል፤ ሦስተኛው ጊዜ ላይ ይለቃል። ባልደረባሽንም ጋብዣት፣ እሷም የምታመጣው ነገር አይጠፋም።

ጥያቄ፦ ለባለሙያዎች ንግግር እንዳቀርብ ተጋብዣለሁ። የአንድ ተገልጋዬን ታሪክ ስሙን ቀይሬ ባቀርብ ችግር አለው?
ከባሕር ዳር

መልስ፦ አዎ ወንድሜ፣ አለው። ስም መቀየር አይበቃም። ከተማው ትንሽ ነው። «ሦስት ሴት ልጆች ያሉት፣ ሱቁ የተቃጠለበት ነጋዴ» ስትል አዳራሹ ውስጥ ካሉት አንዱ ያውቀዋል፤ ባያውቀው እንኳ አክስቱ ታውቀዋለች። ፈቃዱን ልጠይቀው ብትልም፣ ገና ካንተ እርዳታ እየፈለገ እያለ «አይሆንም» ማለት ይከብደዋል። ከብዙ ሰው ያየኸውን አዋህደህ አንድ ታሪክ ፍጠር፤ የተፈጠረ መሆኑንም መድረኩ ላይ ተናገር። ከዚያ ጽሑፉን ከማቅረብህ በፊት እንደገና አንብበው፦ ተገልጋይህ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቢሰማ «ይሄ እኔ ነኝ» የሚልበት ቦታ ካለ፣ እሱን አውጣው።