የሰማይ ቤት ሹመኞች

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቻይና እንደተማሩ አንብቤ ነው የምጽፍልዎ። ሰሞኑን አንድ የቻይና ተከታታይ ድራማ ይዞኛል። የጥንት አማልክቶቻቸው ዛሬ ከተማ ውስጥ ሲኖሩ ያሳያል። የጦጣው ንጉሥ በኤሌክትሪክ ሞተር ምግብ ያደርሳል። የምድጃው አምላክ ቢሮ ተቀምጦ ሪፖርት ይጽፋል፣ አለቃው ሲመጣ ይንቀጠቀጣል። የጨረቃዋ እመቤት በስልኳ በቀጥታ ስርጭት ዕቃ ትሸጣለች። እስቃለሁ፤ ግን ይጨንቀኛል። ቻይናውያን እንዲህ ሲቀለድባቸው አይከፋቸውም? አምላክስ ምን በወጣው አለቃ ይፈራል?

መልስ፦ እህቴ፣ አለቃውን ድራማው አልፈጠረውም። ከጥንትም ነበረ።

ቤይጂንግ ስማር የአንዲት አሮጊት ቤት ተከራይቼ ነበር። ናይናይ ነበር የምላት፤ አያቴ እንደማለት። ከጋዝ ምድጃዋ በላይ፣ ዘይት የጠጣው ግድግዳ ላይ፣ ቀለማት የበዛበት ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱ ላይ አንድ ጺማም ሰውዬ ከሚስቱ ጋር ተቀምጧል። ዛዎ ጁን ነው፤ የምድጃው አምላክ። ዓመቱን ሙሉ እዚያው ሆኖ የቤቱን ጉድ ሁሉ ያያል። ማን ማንን ሰደበ፣ ማን ምግብ ደፋ። በጨረቃ አቆጣጠር በ12ኛው ወር፣ በሰሜን በ23ኛው በደቡብ በ24ኛው ቀን፣ ሰማይ ወጥቶ ለንጉሠ ነገሥቱ ለዩሁዋንግ ሪፖርቱን ያቀርባል።

ያን ቀን ናይናይ የብቅል ከረሜላ እሳት ላይ አለሰለሰችና የሰውዬውን አፍ ቀባችው። ለምን አልኳት። «ወይ ጣፋጭ ያወራል፣ ወይ አፉ ተጣብቆ ዝም ይላል» አለችኝ። ከዚያ ወረቀቱን ነቅላ አቃጠለችው። ወደ ላይ የሚሄደው በጭሱ ነው። እኛም መስኮት ከፍተን ስናራግብ አመሸን። በግራና በቀኙ ተለጥፎ የነበረው ጽሑፍ «ሰማይ ወጥተህ መልካሙን ተናገር፣ ምድር ወርደህ ሰላም ጠብቅ» ይላል። በግልጽ አማርኛ ጉቦ ነው። ለአዲስ ዓመት ሌላ ዛዎ ጁን ገዝታ ለጠፈች።

የሰማይ መንግሥታቸው በጥንቱ ቤተ መንግሥት አምሳል የተሠራ ነው። ሹመት አለ፣ መዝገብ አለ፣ ግልምጫ አለ። ግልምጫው ደግሞ ከላይ ብቻ አይመጣም። ዝናብ እምቢ ሲል የገጠር ሰዎች የዘንዶውን ንጉሥ ሐውልት ከመቅደሱ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያሰጡት ነበር። አንተም ቅመሰው ነው ነገሩ።

የጦጣው ንጉሥ ሱን ዉኮንግ ሞተር መንዳቱማ ለእሱ እድገት ነው። እ.ኤ.አ. በ1592 በታተመው «ወደ ምዕራብ ጉዞ» በተባለው ልቦለድ ውስጥ ሰማይ ቤት መጀመሪያ የሰጠው ሥራ ምን መሰለሽ? የፈረስ በረት ኃላፊነት። ፈረሶቹን አጥግቦ አወፈራቸው። ግማሽ ወር አለፍ እንዳለ ባልደረቦቹ ሲጋብዙት «ይሄ ሹመቴ ስንተኛ ደረጃ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ደረጃ የለውም አሉት። ከሁሉ በላይ ቢሆን ነው ብሎ ደስ አለው። የለም፣ ከማነሱ የተነሳ አይቆጠርም አሉት። ጠረጴዛውን ገልብጦ ሥራውን ጥሎ ወጣ። ኋላ ሲለምኑት «ከሰማይ እኩል የሆነ ታላቅ ጠቢብ» የሚል ማዕረግ ሰጡት። ደመወዝ ግን የለውም። እሱም አልጠየቀ!

ከዚያም በፊት የሙታን ቢሮ ገብቶ መዝገብ አስገልጦ ነበር። ስሙ በተራ ቁጥር 1350 ተጽፏል፤ ዕድሜው 342 ዓመት ይላል። ብሩሽ ቀለም ነክሮ ሰረዘው። በዚያው መዝገቡ ላይ ያሉትን ጦጣዎች ስም ሁሉ ሰረዘላቸው። እኔ ይሄን ትዕይንት ከየትኛውም ውጊያው አስበልጣለሁ። ቢሮ ሲመላለስ የከረመ ሰው ይገባዋል።

የጨረቃዋ እመቤት የቻንግኧ ዕቃ መሸጥ ከገረመሽ ደግሞ፣ እሷ መንኮራኩርም ሆናለች። ቻንግኧ 4 እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2019 ከምድር በማይታየው የጨረቃ ገጽ ላይ አረፈች፤ ያንን ያደረገች የመጀመሪያዋ ናት። ይዛት የሄደችው ተሽከርካሪ ዩቱ 2 ትባላለች። ዩቱ በተረቱ ጨረቃ ላይ አብራት የምትኖረው ጥንቸል ናት። ድራማው ግን ቻንግኧን ስልክ ላይ አፍጥጣ የምትቆዝም ሴት ብቻ ካደረጋት በድሏታል ባይ ነኝ። በተረቱ ያለመሞትን መድኃኒት ውጣ ጨረቃ የወጣችው እኮ ራሷ ናት።

ሃንግጆው የምትባል የቻይና ከተማም ሄጄ ነበር። በዚያ በሚነገር ተረት መነኩሴው ፋሃይ ሰው ሆና ሰው ያገባችውን ነጭ እባብ ከሌይፌንግ ግንብ ሥር ይቀብራታል። እውነተኛው ግንብ እ.ኤ.አ. በ1924 ተደረመሰ፣ በ2002 እንደገና ተሠራ። አሁን ወደ እሱ የሚያወጣሽ የኤሌክትሪክ ደረጃ ነው። እጄን ኪሴ ከትቼ ቆሜ ወጣሁ። ተረትና ዘመናዊ ኑሮ እዚያ አገር ድራማ እስኪሠራላቸው አልጠበቁም።

ይከፋቸዋል ወይ ላልሽው፣ ቀልዱማ የራሳቸው ነው። እንዲያውም ስለ መናፍስት በሚሠሩ ፊልሞች ላይ ያለውን ሳንሱር ሲያሾፉበት «የአሁኗ ቻይና ከተመሠረተችበት ከ1949 እ.ኤ.አ. ወዲህ እንስሳት መንፈስ መሆን ተከልክሏል» ይላሉ።

የሚያናድዳቸው ሌላ ነው። አንድ ማታ ከናይናይ ጋር ቴሌቪዥን እያየን ነበር። የጦጣው ንጉሥ አንዲት ልጅ እጅ ይዞ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ናይናይ የሱፍ ፍሬዋን መፈልፈል አቆመች። «ከድንጋይ የተወለደ ፍጡር ምን ፍቅር ያውቃል!» ብላ ጣቢያ ቀየረች።