የቦርሳህ ጠርዝ እንዲያምር ከፈለግክ ከቢላህ ጀምር

ሰላም ወንድሜ። በቡድናችን ላይ የለጠፍከውን ጥያቄ ከነፎቶዎቹ ደጋግሜ አየሁት። ይሄ 6ኛ የቆዳ የኪስ ቦርሳህ ነው፣ ስፌቱ እየተስተካከለልህ መጥቷል፣ ጠርዙ ግን ሁልጊዜ እንደ ጨርቅ ጫፍ ይተረተራል፣ የቀባኸው የጠርዝ ቀለምም በ2 ሳምንት ውስጥ እየተላጠ ይወድቃል። እና «ምን የተሻለ ማጠናቀቂያ ልግዛ?» ብለሃል። እኔ ቆዳ መስፋት ከጀመርኩ 9 ዓመት ሆኖኛል። መተዳደሪያዬ አይደለም፣ ማታ ማታ ከሥራ መልስ የምሠራው ነገር ነው፣ ግን በጣም የምወደው ነገር ነው። በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ልክ እንዳንተ ገንዘቤ ሁሉ በጠርሙስ በሚሸጥ የጠርዝ ማጠናቀቂያ ላይ ነበር የሚያልቀው። ስለዚህ በቀጥታ ልንገርህ፣ ለጊዜው ምንም አትግዛ።

መጀመሪያ የያዝከው ቆዳ ምን እንደሆነ እወቅ። 3ኛው ፎቶህ ላይ የተቆረጠው ጎን መሃሉ ሰማያዊ የመሰለ ግራጫ ነው። ይሄ በክሮም (በማዕድን ጨው) የለፋ ቆዳ ነው። አንተ ደግሞ የጠርዝ አሠራሩን የተማርከው በእፅዋት የለፋ ቆዳ ከሚሠሩ ሰዎች ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ጠርዙን በውሃ አርሰህ በእንጨት እንዳሸኸው ጽፈሃል። ሁለቱ በጭራሽ አንድ አይደሉም። በእፅዋት የለፋው ከዛፍ ልጣጭና ከቅጠል በሚወጣ ታኒን ነው የሚለፋው፣ ጠንከር ይላል፣ ውሃ ቶሎ ይጠጣል፣ ጠርዙን አርሰህ ስታሸው ጭረቶቹ (የቆዳው ቃጫዎች) ተጣብቀው እንደ ተወለወለ እንጨት ያበራሉ። የክሮሙ ግን ለስላሳና እንደ ስፖንጅ ተመላሽ ነው። እስከ ነገ ብታሸው አያበራም። ጥፋቱ የእጅህ አይደለም፣ የቆዳው ጠባይ ነው። አንዳንዱ ቀለም እስከ መሃሉ ስለሚገባ በዓይን ብቻ መለየት ያስቸግራል። ያኔ ከቁራጩ ላይ ጫፉን አርስና በማንኪያ ጀርባ ጠበቅ አድርገህ እሸው። ካበራ በእፅዋት የለፋ ነው ማለት ነው። ክሮም ከሆነ ሁለት ምርጫ አለህ። ወይ ጠርዙን አጥፈህ ትሰፋዋለህ፣ ወይ የጠርዝ ቀለም በሥርዓቱ ትቀባለህ።

አሁን ስለ ቢላው። ብዙ ሰው ማጠናቀቅ የሚባለው መጨረሻ ላይ የሚመጣ ሥራ ይመስለዋል። እኔ ግን የጠርዙ ግማሽ ዕጣ ፈንታ በመጀመሪያው ቆረጣ ይወሰናል ባይ ነኝ። ዱልዱም ቢላ ቆዳውን አይቆርጠውም፣ ይጎትተዋል፣ የተጎተተው ጭረት ደግሞ በኋላ በምንም ነገር አይተኛም። ምላጩ አዲስ ነው ብለህ አትመን። እኔ ቁራጭ ቆዳ እንጨት ላይ ለጥፌ አረንጓዴውን የቢላ መሳያ ቅባት እቀባበታለሁ፣ ከዚያ በየ10 ደቂቃው ቢላዬን ወደ ኋላ እየጎተትኩ አሻሸዋለሁ። የብረት ማስመሪያ ተጠቀም፣ ቢላውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ ወፍራም ከሆነ በአንድ ኃይለኛ ግፊት ሳይሆን በ2 ወይም በ3 ቀላል ጉተታ ጨርሰው። ቢላው ወደ ጎን ካዘነበለ የላይኛውና የታችኛው ንብርብር ጠርዝ አይገናኝም፣ ያንን ለማስተካከል ደግሞ ግማሽ ሰዓት በብርጭቆ ወረቀት ስትፈትግ ታመሻለህ።

ሌላው ስህተትህ ይሄ ይመስለኛል፣ ሁሉንም ክፍል በልኩ ቆርጠህ ከዚያ ለጥፈሃል። እንደዚያ ስታደርግ ንብርብሮቹ በ1 ሚሊሜትርም ቢሆን መዛነፋቸው አይቀርም። የውስጡን ክፍል 2 ወይም 3 ሚሊሜትር አትርፈህ ቁረጥ፣ ለጥፍ፣ ከደረቀ በኋላ ሁሉንም አንድ ላይ በአንድ ቆረጣ አስተካክል። ማስቲሽ ስትጠቀም የሚያብረቀርቀውን የፊት ገጽ የሚጣበቅበት ቦታ ላይ ብቻ ፈግፍገው፣ ለስላሳው ገጽ ማስቲሽ አይዝም። ሁለቱንም ወገን በስሱ ቀባ፣ እጅህ ላይ እስከማይለጠፍ ጠብቅ፣ ከዚያ ግጠምና በመዶሻ ቀስ እያልክ ምታው። ጠርዙ ድረስ ያልደረሰ ማስቲሽ የተከፈተ ከንፈር ይተውልሃል፣ ቀለምህ የሚሰነጠቀውም ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነው። አራት አምስት ንብርብር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ደግሞ ቆዳውን በቢላ ከሥጋው በኩል (ከውስጠኛው ሻካራ ገጽ) አሳሳው፣ ካልሆነ ቦርሳው እንደ ዳቦ ይነፋል።

ቀለሙ ለምን እንደሚላጥ ልንገርህ። «መጀመሪያ ቆዳውን ዘይት ቀባሁት» ብለሃል፣ መልሱ እዚያው ነው። ዘይትም ሰምም ያለበት ጠርዝ ቀለም አይዝም። ጠርዙን መጀመሪያ በ240 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ በ400 አስተካክል፣ አቧራውን ጥረግ፣ ከዚያ በጣም ስስ አድርገህ ቀባ። በደንብ ሲደርቅ እንደገና በ400 ቀለል አድርገህ ፈትገው። የመጀመሪያው ቅብ ጭረቱን አቁሞ ስለሚያደርቀው ጠርዙ ከበፊቱ የባሰ ሻካራ ሆኖ ታገኘዋለህ፣ አትደንግጥ፣ ያንን ነው የምትፈትገው። ሁለተኛ ቅብ፣ በ600 ፈትግ፣ ሦስተኛ ቅብ። አንዴ ወፍራም አድርጎ መገላገል ያጓጓል፣ እኔም ሞክሬዋለሁ፣ ቦርሳው በሚታጠፍበት ቦታ ላይ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጠቀብኝ።

አንድ ቀን በእፅዋት የለፋ ቆዳ ካገኘህ (እውነቱን ለመናገር የልቤን ደስታ የማገኘው እሱ ላይ ነው) ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው። ሰፍተህ ስትጨርስ ጠርዙን ትፈትጋለህ፣ የላይና የታቹን ሹል ጥግ በጠርዝ መላጫ ታነሳለህ፣ ጫፉን ብቻ ትንሽ ታረጥባለህ፣ ከዚያ በሸራ ጨርቅ ወይም ቦይ ባለው እንጨት በፍጥነት ታሸዋለህ። ሙቀቱ ሲሰማህ ጠርዙ ይጨልምና ማብራት ይጀምራል። ያኔ የንብ ሰም ቀብተህ ደግመህ እሸው። ውሃ አታብዛ፣ የራሰ ጠርዝ ይጨፈለቅና እንደ እንጉዳይ ወደ ውጭ ይዘረጋል። ደግሞ እርጥብ ቆዳ ላይ ብረት አታስቀምጥ። እኔ 3 ቀን ሙሉ የደከምኩበት ቀበቶ ላይ ማስመሪያ ረስቼ አደርኩ፣ ጠዋት ጥቁር ሰማያዊ መስመር ታትሞበት አገኘሁት። ታኒንና ብረት ሲገናኙ ይጠቁራሉ፣ ጥንት የጽሕፈት ቀለም ይሠራ የነበረውም በዚሁ ነው። በቀላሉ አይለቅም።

ስለ ስፌትህ ብዙ የምለው የለኝም፣ ጥሩ ነው። በሁለት መርፌ መስፋትህን እንዳትተው። የማሽን ስፌት ሁለት ክር ተቆላልፎ ነው የሚይዘው፣ አንዱ ከተበጠሰ መተርተር ይጀምራል። ያንተው ግን ክሩ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ከሁለቱም ወገን ስለሚያልፍ አንድ ቦታ ቢበጠስ ሌላው ይዞ ይቆያል። የክሩን ርዝመት የስፌቱን 4 እጥፍ ያህል አድርገው፣ ፎቶው ላይ መሃል መንገድ አልቆብህ የቀጠልክበት ቦታ ያስታውቃል። ወስፌህን ደግሞ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ዘንበል ያዘው፣ በስተጀርባ ያለው መስመር የተጣመመው ከዚያ ነው።

ዘይትን በተመለከተ ደግሞ፣ በዚህ ቡድን ውስጥ «ቆዳ ዘይት ይወዳል» የሚል ምክር ሲበዛ አያለሁ፣ በዚህ አልስማማም። አዲስ ቆዳ ከፋብሪካ ሲወጣ ቅባት ገብቶበታል። ጨርቅ ላይ ጠብ አድርገህ በስሱ ማዳረስ ይበቃል፣ እሱም ሁሉም ካለቀ በኋላ። ከበዛበት ቆዳው ይልፈሰፈሳል፣ ቀለሙ ይጨልማል፣ መልሰህ በቀላሉ የምታወጣበት መንገድም የለም።

ይህን ቅዳሜ ቦርሳ አትሥራ። ከተረፈህ ቆዳ የጣት ርዝመት ያላቸው 5 ጥንድ ቁራጮች ለጥፍና አንድ ላይ ቁረጣቸው። በእያንዳንዱ ላይ የጠርዙን ሥራ ብቻ ተለማመድ፣ የትኛውን በስንት ቁጥር እንደፈተግክና ስንት ጊዜ እንደቀባህ ጀርባው ላይ ጻፍበት። ከዚያ እየደጋገምክ እጠፋቸው። ያልተሰነጠቀውን ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፍልን፣ የተሰነጠቀውንም ጨምር፣ አብረን እናየዋለን።