ከሶፍትዌሩ በፊት ግምጃ ቤቱን ቁጠሩ

ባሕር ዳር ፖሊ ለምትማሩ ልጆቼ፣

ከእናንተ መካከል ነገ ለጦር ሠራዊት የንብረትና የጥገና ሶፍትዌር የሚሠሩ ይኖራሉ። «ወጪውን ይመልሳል ወይ?» ስትባሉ መልሱን ሻጩ ካመጣው ወረቀት አትቅዱ። ጦር አያተርፍም፤ ተመላሹ የሚታየው መለዋወጫ ተጠይቆ እስኪደርስ በሚፈጀው ቀን፣ ለግዳጅ በተዘጋጀው ተሽከርካሪ ብዛትና ያለ ሥራ በተከማቸው ዕቃ ነው። ሦስቱን አስቀድማችሁ ካልለካችሁ በኋላ የምታወዳድሩበት የላችሁም።

የአሜሪካ አየር ኃይል ከ200 በላይ አሮጌ የኮምፒውተር ሥርዓቶችን በአንድ ሊተካ የጀመረውን ሥራ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲሰርዝ 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት ነበር። ለመቀጠል ሌላ 1.1 ቢሊዮን ያስፈልግ ነበር፤ ያውም ከታቀደው ሩቡን ለማግኘት። የለመዱትን አሠራር አለመልቀቅ ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ ነበር።

እስቲ ቢን ካርዶቹን፣ ማለትም የየዕቃው ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚጻፍባቸውን ካርዶች ተመልከቱ። አንዱ ንብረት ጠባቂ «ፊልትሮ»፣ ሌላው «የዘይት ማጣሪያ»፣ ሦስተኛው «ኦይል ፊልተር» ብሎ መዝግቧል። ኮምፒውተሩ ሦስት ዕቃ ያያል፤ 40 ፍሬ መደርደሪያ ላይ እያለ «አልቋል» ብሎ ግዢ ያስጠይቃል። የኔቶ አገሮች ለየዕቃው ባለ 13 አኃዝ መለያ የሚሰጡት ለዚህ ነው። ሞዴል 19ና ሞዴል 22ን (የዕቃ ገቢና ወጪ ደረሰኞችን) ከአካል ቆጠራ ጋር ሳታስታርቁ ወደ ሶፍትዌሩ አንድም መስመር አታስገቡ። ይህ ሥራ ወራት ይበላል፤ በጀት ሲያዝ ግን ይረሳል፤ እጅግ የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው።

ስሌቱ ላይ የሚደጋገም ስህተት አለ። የ60 ሚሊዮን ብር ክምችት ወደ 50 ቢወርድ 10 ሚሊዮኑ የሚቆጠረው አንዴ ብቻ ነው። በየዓመቱ የሚተርፈው የማከማቻ፣ የብልሽትና የታሰረ ገንዘብ ወጪ ነው፤ 15 በመቶ ብንለው 1.5 ሚሊዮን። 10 ሚሊዮኑን በአምስት ዓመት የሚያባዛ አለቃውን ያሳስታል። የተቆጠበ የሰው ሰዓትም ሰውየው ወደ ሌላ ሥራ ካልተዛወረ ገንዘብ አይደለም።

ከወጪው በኩል ዓመታዊው የድጋፍ ክፍያ ብዙ ጊዜ የሶፍትዌሩን የአጠቃቀም ፈቃድ ዋጋ አንድ አምስተኛ ያህል ነው፤ በዶላር ስለሚከፈልም ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በብር ብቻ ማስላት አያዋጣም። ወታደር ይዛወራል፤ ስለዚህ ሥልጠናን በየዓመቱ መድቡ።

የጦር ግምጃ ቤት ለልምምድ አይከፈትም። ጣና ዳር ያለ የሞተር ጀልባ ጥገና ቤት ግን አስፈቅዳችሁ 50 ዕቃ ምረጡ፤ ካርዱንና መደርደሪያውን አስተያዩ፤ ስንቱ እንደገጠመ ጻፉ። በወሩ ተመልሳችሁ እነዚያኑ 50 ቁጠሩ።