39 በመቶ ወይስ 25? የውሃ ሙሌት ስሌትና የሙቀት ጉዳይ

ጥያቄ፦ በጂኦሎጂ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ለልምምድ በተሰጠን የጉድጓድ መረጃ ውስጥ ነዳጅ አለበት የተባለ አንድ የአሸዋ ድንጋይ ንብርብር አለ። ፖሮሲቲው (የቀዳዳዎቹ ድርሻ) 20 በመቶ፣ ሬዚስቲቪቲው (ኤሌክትሪክን የመቋቋም መጠኑ) 20 ኦም-ሜትር፣ የንብርብሩ ሙቀት 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከንብርብሩ የተቀዳው ውሃ ሬዚስቲቪቲ በላቦራቶሪ 0.12 ኦም-ሜትር ሆኖ ተለክቷል። በአርቺ ቀመር ሳሰላው የውሃ ሙሌቱ (ከቀዳዳዎቹ ውስጥ ውሃ የያዘው ድርሻ) 39 በመቶ መጣልኝ፤ መምህሬ ግን 25 በመቶ ብለው አረሙት። ስህተቴ የቱ ላይ ነው? ደግሞስ ሩቡ ውሃ ከሆነ ጉድጓዱ ሲከፈት ከነዳጁ ጋር ውሃ አይወጣም?

መልስ፦ ቀመሩን የተጠቀሙበት በትክክል ነው፤ የተሳሳተው ያስገቡት የውሃው ቁጥር ነው። ላቦራቶሪው ውሃውን የለካው በክፍሉ ሙቀት፣ ምናልባትም በ25 ዲግሪ ሲሆን፣ ያው ውሃ አለቱ ውስጥ ሳለ ግን 90 ዲግሪ ነበር። ጨዋማ ውሃ በሞቀ ቁጥር ኤሌክትሪክን ይበልጥ ስለሚያስተላልፍ ሬዚስቲቪቲው ይቀንሳል። በሥራው ላይ ያሉ ሰዎች ለዚህ የሚጠቀሙበት መንገድ ቀላል ነው፦ በሁለቱም ሙቀቶች ላይ 21.5 ይደመርና የመጀመሪያው ለሁለተኛው ይካፈላል። 46.5ን ለ111.5 አካፍለው በ0.12 ሲያባዙት 0.05 ኦም-ሜትር ያገኛሉ። መምህርዎ የተጠቀሙት ይህንን ቁጥር መሆን አለበት።

ከዚህ በኋላ ያለውን ስሌት እርስዎም ያውቁታል፤ ምክንያቱን ለሌሎች አንባቢዎች ላስታውስ። የአሸዋው ቅንጣቶችም ሆኑ ነዳጁ ኤሌክትሪክ አያስተላልፉም፤ የሚያስተላልፈው በቀዳዳዎቹ ውስጥ ያለው ጨዋማ ውሃ ብቻ ነው። ስለዚህ የአለቱ ሬዚስቲቪቲ ከፍ ባለ ቁጥር ውሃው ያነሰ ነው ማለት ነው። የሼል ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ጉስ አርቺ እ.ኤ.አ. በ1942 ባሳተመው ጽሑፍ ይህንን ዝምድና በቁጥር አስቀመጠው። በእርስዎ ምሳሌ አንድን ለፖሮሲቲው ስኩዌር ስናካፍል 25 ይመጣል፤ በ0.05 ሲባዛ 1.25 ይሆናል። ይህ አለቱ ሙሉ በሙሉ በውሃ ቢሞላ ኖሮ የሚኖረው ሬዚስቲቪቲ ነው። የተለካው ግን 20 ስለሆነ 1.25 ለ20 ተካፍሎ ስኩዌር ሩቱ ሲወሰድ 0.25 ይሰጣል። በ0.12 ቢሰሉት 0.39 የሚመጣው በዚሁ መንገድ ነው፤ የአንድ ቴርሞሜትር ንባብ መዘንጋት የነዳጁን ድርሻ ከ75 ወደ 61 በመቶ አወረደው።

ሆኖም 25 በመቶም የተለካ ሳይሆን የተገመተ ቁጥር መሆኑን ልብ ይበሉ። ፖሮሲቲውን ስኩዌር ያደረግነውም፣ ስኩዌር ሩት የወሰድነውም አርቺ በንጹሕ አሸዋ ድንጋይ ላይ ያገኛቸው ቁጥሮች ወደ 2 ስለሚጠጉ እንጂ የተፈጥሮ ሕግ ስለሆኑ አይደለም። የፖሮሲቲው አርቢ ቁጥር ከ2 ወደ 2.2 ቢሆን ብቻ ውጤቱ ወደ 29 በመቶ ይወጣል። በኖራ ድንጋይ ደግሞ፣ ለምሳሌ በኦጋዴን ከአዲግራት አሸዋ ድንጋይ በላይ ባለው የሃማንሌ ንብርብር ዓይነት አለት፣ እርስ በርስ ያልተያያዙ ቀዳዳዎች ሲበዙ ይህ አርቢ ቁጥር ከ2 በላይ ይወጣል፣ ስንጥቆች ሲበዙ ከ2 በታች ይወርዳል፤ በዚያ ላይ 2ን በጭፍን መጠቀም ለእኔ ድፍረት ይመስለኛል።

ሸክላ ያለበት አሸዋ ድንጋይ ሌላ ችግር ያመጣል። የሸክላው ቅንጣቶች በገጽታቸው ላይ በያዙት የኤሌክትሪክ ቻርጅ ምክንያት ራሳቸው ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፉ የአለቱ ሬዚስቲቪቲ ያለ ውሃው ጥፋት ይወርዳል፤ የአርቺ ቀመር ግን ይህንን ሁሉ ውሃ ብሎ ይቆጥረዋል፤ በዚህም ምክንያት ነዳጅ ያለበት ንብርብር ውሃ ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። እንደ ሲማንዱ እና እንደ ዋክስማን-ስሚትስ ያሉት ቀመሮች የተዘጋጁት ለዚህ ነው፤ ሁለተኛው ግን የሸክላውን አዮን የመለዋወጥ አቅም ከኮር ናሙና (ከጉድጓዱ ተቆርጦ ከወጣ አለት) መለካት ይጠይቃል። መረጃዎ ውስጥ የጋማ ሬይ መስመር (የአለቱን የተፈጥሮ ጨረር የሚያሳይና ሸክላ ሲበዛ አብዛኛውን ጊዜ ከፍ የሚል) ካለ መጀመሪያ እርሱን ይመልከቱ፤ ንብርብሩ ላይ ዝቅ ብሎ ከቆየ በአርቺ ቀመር መቀጠል ይችላሉ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስመጣ፣ 25 በመቶ ውሃ አለ ማለት 25 በመቶ ውሃ ይፈሳል ማለት አይደለም። የተወሰነው ውሃ በቅንጣቶቹ ላይ ተጣብቆና በጠባብ ቀዳዳዎች ተይዞ የሚቀር ነው፤ ደቃቅ በሆነ አሸዋ ድንጋይ ግማሽ የሚጠጋ ውሃ እያለም ውሃ ያልተቀላቀለበት ነዳጅ ሊወጣ ይችላል። ይህንን ከአንድ ቁጥር መለየት አይቻልም። በንብርብሩ ላይ በየጥልቀቱ ፖሮሲቲውን በውሃ ሙሌቱ ያባዙ፤ ለእርስዎ ነጥብ 0.20 በ0.25 ሲባዛ 0.05 ነው። ፖሮሲቲው ከጥልቀት ጥልቀት ሲለዋወጥ ውጤቱ 0.05 አካባቢ ከጸና ውሃው የማይንቀሳቀስ ነው ብለው መገመት ይችላሉ፤ ወደ ታች ሲወርዱ እየጨመረ ከሄደ ግን የሚፈስ ውሃ እየቀረበ ነውና ጉድጓዱ የሚከፈትበትን ነጥብ ከዚያ ከፍ አድርገው ይምረጡ።