ከመጽሐፍ ቅንብር ወደ ወግ ጽሑፍ፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ጎንደር ነው የምኖረው። አሥራ አንድ ዓመት የመጽሐፍ ሽፋንና የውስጥ ገጽ ሳቀናብር ቆይቼ፣ ከአራት ዓመት ወዲህ ስለ እውነተኛ ሰው እጽፋለሁ። ጥያቄዎቻችሁን በየተራ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንጀራ የሚያበላ ሙያ ትተው ጽሑፍ ውስጥ የገቡት ምን ነክቶዎት ነው?

አልተውኩትም እኮ! ጠዋት እጽፋለሁ፣ ከሰዓት የሰው መጽሐፍ አቀናብራለሁ፤ የቤት ኪራይ በወግ አይከፈልም። ያስጀመረኝ ግን እፍረት ነው። የአንድ ሽማግሌ የሕይወት ታሪክ 1,000 ቅጂ ታትሞ ሲመጣ ከሽፋኑ ላይ አንዲት ፊደል ጎድላለች። ጥፋቱ የኔ ነበር። ሰውየው ግን ሳይቆጡ «ለመሆኑ ውስጡን አንብበኸዋል?» አሉኝ። አላነበብኩትም። ያን ሁሉ ዓመት ፊደል ስለካ እንጂ ሳነብ አልኖርኩም። ማታውኑ ቁጭ ብዬ ጨረስኩት።

ጥያቄ፦ ቅንብሩ ለጽሑፍህ ጠቀመህ ወይስ ጎዳህ?

ሁለቱንም። አንድ ትልቅ ወረቀት ታጥፎ 16 ገጽ ይወጣዋል። ጽሑፉ 157ኛው ገጽ ላይ ካለቀ እስከ 160 ሦስት ገጽ ባዶ ይቀራል። እኛ አቀናባሪዎች ደግሞ ባዶ ገጽ አንወድም፤ ወይ ፊደሉን ከፍ እናደርጋለን፣ ወይ ሥዕል ጣል እናደርጋለን። ይህ አመል ተከትሎኝ መጣ። አራዳ በረንዳ ላይ ስለሚሠራ ልብስ ሰፊ ስጽፍ፣ ሟች ሚስቱን ባነሳሁበት ጊዜ «እንባው ዱብ ዱብ አለ» አልኩ። ሳነብለት «እኔ መች አለቀስኩ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ያደረገው ነገር ቢኖር ከኮሌታው መርፌ ነቅሎ፣ ክር ሳያስገባባት መልሶ እዚያው መሰካት ነው። እንባውን ሰርዤ መርፌዋን ጻፍኩ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ይህ የምትጽፈው ታሪክ ነው ልብ ወለድ?

ወግ ይበሉት አባቴ። «ፈጠራዊ ኢ-ልቦለድ» የሚሉትም አሉ፤ አፍ ይሞላል። ፈጠራው አነጋገሩ ላይ ነው፣ ነገሩ ላይ አይደለም።

ጥያቄ፦ ስለ ጎንደር ያልተጻፈ ምን ቀረ?

ስለ ግንቡ ከሆነ ብዙ አልቀረም እህቴ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1770 እዚህ ገብቶ፣ በ1790 አምስት ቅጽ መጽሐፍ አሳትሟል። ከቁም ላም ላይ ሥጋ ሲቆረጥ አየሁ ቢል የአገሩ ሰዎች ሳቁበት። የአባይን ምንጭ ግን ስፔናዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 አይቶት ሳለ እኔ ቀደምኩ ብሎ ሙጭጭ አለ። እንግዲህ አየሁ ባለው ሲስቁበት፣ ቀደምኩ ባለው ነበር መጠርጠር የነበረባቸው። አንቺ የደብረ ብርሃን ሥላሴን የጣሪያ መላእክት ለጎብኚ ተይና፣ ደጅ ጧፍ የምትሸጠዋን ሴት ስንት ሰዓት እንደምትነሳ ጠይቂ። ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚ።

ጥያቄ፦ በምን ፎንት ልጻፍ?

ዩኒኮድ በሆነ በማንኛውም፤ ዩኒኮድ ማለት ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ የሚያውቁት የፊደል መለያ ቁጥር ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዛሬም በድሮ ፎንት የተጻፈ ረቂቅ እየመጣልኝ ስከፍተው ዝብርቅርቁ ይወጣል።

ጥያቄ፦ የራስህን ሽፋን ራስህ ሠራኸው?

በጭራሽ። የራሱን ፀጉር የሚላጭ ጆሮውን ይቆርጣል።

ጥያቄ፦ ልብስ ሰፊው መጽሐፉን አነበበው?

አንድ ቅጂ ወስጄለት ነበር። ሳይከፍተው ገልበጥ አድርጎ ጀርባውን በአውራ ጣቱ ዳበሰና «ስፌቱ ላልቷል» አለኝ።