ቅባት ከማዘዛችሁ በፊት

በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በቦሌ አራብሳና በሰበታ መውጫ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ለተመደባችሁ ወጣት ባለሙያዎች፦

ልጆች፣ የቆዳ ሕክምና በቅርብ ዓመታት ብዙ ተራምዷል። ለከባድ ችፌ ዱፒሉማብ የሚባል መርፌ እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ ለለምጽ የሚቀባው ሩክሶሊቲኒብም እ.ኤ.አ. በ2022። እወቋቸው፤ ታካሚ ኢንተርኔት ላይ አይቶ ይጠይቃችኋልና። የእናንተን ተመላላሽ ክፍል የሚያጨናንቀው ግን እከክ፣ ጭርት፣ ችፌና ያለ ማዘዣ የተገዛ ቅባት ያበላሸው ቆዳ ነው።

ከዚህ ከመጨረሻው ልጀምር። ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የሚባል ስቴሮይድ (የሰውነትን ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት) ያለበት ቅባት ጭርት ላይ ሲቀባ ማሳከኩ በጥቂት ቀናት ጋብ ይላል፣ ታካሚውም «ለቀቀኝ» ይላል። ፈንገሱ ግን የሚቋቋመው ስላጣ እንደ ልቡ ይስፋፋል። የምታውቁት ክብ ጠርዝ ይደበዝዛል፣ ቅርፊቱ ይጠፋል፣ ችፌ ይመስላል። ችፌ ነው ብላችሁ ሌላ ስቴሮይድ ከጨመራችሁ ነገሩ ይብስበታል። ስለዚህ አስቀድማችሁ የተቀባውን ጠይቁ። ስሙን ካላወቀው ቱቦውን ከቤት ያምጣ። ስቴሮይዱን ስታስቆሙ ማሳከኩ ለጊዜው እንደሚያገረሽ ካልነገራችሁት በሦስተኛው ቀን ወደዚያው ቱቦ ይመለሳል።

ጥርጣሬውን የሚቆርጠው ቆዳውን ፍቆ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው፤ ወጪውም ከቅባቱ ያንሳል። ቦታውን በአልኮል ጥረጉ፣ አለዚያ የቅባቱ ነጠብጣብ ማይክሮስኮፕ ላይ ያሳስታችኋል። ከመሃል አትፍቁ፤ ፈንገሱ ያለው እየሰፋ በሚሄደው ጠርዝ ላይ ነው። የምላጩን ስለት ጋደም አድርጋችሁ ቅርፊቱን ስላይድ ላይ አራግፉ፣ 10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ አንድ ጠብታ ጨምሩ፣ በስስ መስታወት ሸፍኑና 10 ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ለጥፍር 20 በመቶውና ረዘም ያለ ጊዜ ያስፈልጋል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ብርሃኑ ላይ ነው፤ ኮንደንሰሩን (ከስላይዱ ሥር ብርሃን የሚሰበስበውን ሌንስ) ዝቅ ካላደረጋችሁ የፈንገሱ ክር በብርሃኑ ተውጦ ይቀራል። በ10 እጥፍ ሌንስ ፈልጉ፣ በ40ው አረጋግጡ። እውነተኛው ክር በሕዋሶቹ ላይ አቋርጦ ያልፋል፣ ይከፋፈላል፣ ውፍረቱም እኩል ነው፤ የጥጥ ክር ግን ወፍራምና የተጠማዘዘ ነው። ስቴሮይድ የተቀባ ጭርት ደግሞ ብዙ ጊዜ በክር የተሞላ ስለሆነ ላቦራቶሪው በቀላሉ ያገኘዋል።

የሕፃናት የራስ ጭርት በክሬም አይድንም፤ ፈንገሱ ፀጉሩ ውስጥ ነው። የሚዋጠው የፈንገስ መድኃኒት ግሪሴኦፉልቪን ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይሰጣል፤ በባዶ ሆድ በደንብ አይመጠጥም። የዉድ መብራት (አንዳንድ ፈንገስ እንዲያበራ የሚያደርግ አልትራቫዮሌት መብራት) ካላችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ፦ በአገራችን የሚበዛው ትራይኮፊተን ቫዮሌሲየም የተባለ ፈንገስ አያበራም። አላበራም ማለት ጭርት አይደለም ማለት አይደለም።

ወደ እከክ ልለፍ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ችላ ከተባሉ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ተርታ አስገብቶታል። ሕክምናው ከሸፈ ሲባል ብዙውን ጊዜ የከሸፈው አቀባቡ ነው። 5 በመቶ ፐርሜትሪን ክሬም ከአገጭ በታች እስከ እግር ጫማ፣ በጣቶች መካከል፣ በጥፍር ሥር፣ በእምብርት፣ በብልት አካባቢ ይቀባል፤ ለአንድ አዋቂ አንድ ጊዜ ለመቀባት 30 ግራም ገደማ ይበቃል። ለሕፃናት ራስና ፊትም ይጨመራል፣ ዓይንና አፍ ሳይነካ። ከ8 እስከ 14 ሰዓት ይቆያል። እናት እንጀራ ጋግራ ወይም ልጅ አጥባ እጇን ከታጠበች እጇ ላይ እንደገና ትቀባ፤ እከክ በጣም የሚወደው ያንኑ የጣቶች መካከል ነው። ከሳምንት በኋላ ይደገማል። ኪራይ ቤት ውስጥ በአንድ ክፍል አምስትና ስድስት ሆነው የሚያድሩ የግንባታ ሠራተኞች ካሉ፣ ያሳከካቸውም ያላሳከካቸውም በአንድ ሌሊት መቀባት አለባቸው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ብርድ ልብስና ጋቢ ሁሉ በፍል ውሃ ይታጠብ ማለት ለአፍ ብቻ ነው፤ በፌስታል አስረው ለሳምንት ያስቀምጡት፣ ተባዩ ከሰው ገላ ውጭ ከ2 እና 3 ቀን በላይ እምብዛም አይኖርም።

የሚዋጠው አይቨርሜክቲን ትልቅ እፎይታ ነው፦ 200 ማይክሮግራም በኪሎ፣ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 3 ሚሊግራም የሆነው እንክብል 4 ፍሬ። እንቁላሉን ስለማይገድል ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይደገማል። ከ15 ኪሎ በታች ለሆነ ሕፃንና ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ከሕክምናው በኋላ ማሳከኩ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሊቆይ እንደሚችል አስቀድማችሁ ንገሩ፣ አለዚያ ሰው በየቀኑ እየተቀባ ቆዳውን ያነድደዋል። የሲሚንቶ ሠራተኛ እጁ ላይ ብቻ ከሆነ ደግሞ እከክ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ፤ ሲሚንቶ ውስጥ ያለው ክሮሜት የሚባል ኬሚካል ራሱ ችፌ ያመጣል።

ሰበታ አካባቢ ለምትሠሩ፦ ፊት ላይ የወጣ፣ የማያም፣ ለወራት የቆየ እብጠት ወይም ቁስል ስታዩ ቁንጭርን (የቆዳ ሊሽማኒያሲስን) አስቡ። ደጋ ላይ ሽኮኮ ባለበት ገደል አካባቢ በአሸዋ ዝንብ ይተላለፋል። ናሙናው ከቁስሉ መሃል አይወሰድም፤ ቅርፊቱን አንሱ፣ ያበጠውን ጠርዝ በሁለት ጣት ደሙ እስኪሸሽ ቆንጥጡ፣ በምላጭ ትንሽ ሰንጥቃችሁ ሥጋውን ፍቁ። ደም ከበዛበት ስላይዱ ዋጋ የለውም። አንድ ጊዜ የበሽታው ጥገኛ ተውሳክ አለመገኘቱም በሽታውን አያስቀረውም። አፍንጫ ውስጥ ወይም ከንፈር ከነካ ሳትዘገዩ አዲስ አበባ ወዳለው አለርት ሆስፒታል ላኩ።

ነጣ ያለ ምልክት ሁሉ ለምጽ ወይም ቋቁቻ አይደለም። ታካሚው ዓይኑን ጨፍኖ በጥጥ ጫፍ ስትነኩት ካልተሰማው ሥጋ ደዌ ነው ብላችሁ ተነሡ፤ መድኃኒቱ በነፃ ለ6 ወይም ለ12 ወር ይሰጣል።

ፎቶ አንስታችሁ ለስፔሻሊስት መላክ ዛሬ ቀላል ሆኗል። ፈቃድ ጠይቁ፣ ስምና ካርድ ቁጥር አይታይ። ፍላሽ አጥፉ፣ መስኮት አጠገብ አንሡ፣ ፊት የሚያሳምረውን ማጣሪያ ዝጉ። አንዱን ከሩቅ፣ አንዱን ከቅርብ ማስመሪያ አስጠግታችሁ፣ አንዱን ደግሞ ከጎን፤ በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩት፣ እንደ ፎቶ ከሄደ ይደበዝዛል። በሽታ እንለያለን የሚሉት የስልክ መተግበሪያዎች አብዛኞቹ የተማሩት በነጭ ቆዳ ፎቶ ነው፤ በእኛ ቆዳ ላይ ቅላት ወይን ጠጅ ወይም ጠቆር ያለ ቡናማ ሆኖ ስለሚታይ ይስታሉ። በእጃችሁ ዳስሱ፤ ሙቀትና ጥንካሬ ፎቶ ላይ አይወጣም። ከፎቶው ጋር አራት ነገር ጻፉ፦ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ምን ምን እንደተቀባ፣ ቤት ውስጥ ሌላ የሚያሳክከው ሰው መኖሩን፣ ፍቃችሁ ያያችሁትን ውጤት።